የየቲሞች ዓይን አማና ነው፦ ኬራቶኮነስ የተባለውን የዓይን ሕመም በጊዜ ስለማወቅ

(ማኅበራችን ለየቲም አሳዳጊዎችና ለለጋሾች ባዘጋጀው የጤና ትምህርት መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በእንዲህ ያለው መድረክ ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ ወርሃዊ ቀለብ፣ ስለ ትምህርት መሣሪያና ስለ ዒድ ልብስ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። ዛሬ ግን ጊዜያችሁን የምንሻው ለአንድ የዓይን ሕመም ነው። ሕመሙ ኬራቶኮነስ ይባላል። ይህንን ርዕስ የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ፣ ማለትም በእኛ ክትትል ሥር ያሉ ብዙ ልጆች በሚገኙበት ዕድሜ ነው። ሁለተኛ፣ ሲጀምር ዓይንን አያቀላም፣ አያሳምምም፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ ማንም ሳያውቀው ሊያድግ ይችላል። ሦስተኛ፣ በጊዜ ከታወቀ ባለበት እንዲቆም የሚያደርግ ሕክምና አለ፤ ከዘገየ ግን የጠፋውን የኮርኒያ ቅርጽ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም። በእነዚህ ሁለት መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ሐኪሙ ሳይሆን ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በዓይናችን ጥቁር ክፍል ፊት ለፊት፣ እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመ ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ በመሐሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሆኖም ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ጥርት ያለ ምስል እንዲፈጠር ከሚያደርገው ኃይል ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠው ለዚህ ስስ ሽፋን ነው። ኮርኒያ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ጥርት ያለና ቅርጹ የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ ነው።

በኬራቶኮነስ ጊዜ ይህ ሽፋን ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል። ሲሳሳ ከዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት መቋቋም ያቅተውና ወደ ፊት ይወጣል፤ ቅርጹም ከኳስ ክብነት ወደ ሾጣጣነት ይለወጣል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ "ቀንድ" እና "ሾጣጣ" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት ተገጣጥሟል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኖቲንግሃም እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙን ከሌሎች የኮርኒያ ችግሮች ለይቶ በዝርዝር ገልጾታል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖች ይይዛል፤ ነገር ግን እኩል አይይዝም። አንዱ ዓይን ብዙ ተጎድቶ ሌላው ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ከጉርምስና ጀምሮ እስከ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ዕድሜ ድረስ ሊቀጥል ይችላል፤ በልጅነት ሲጀምር ግን በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው ይልቅ ፈጥኖ የመገስገስ ባሕርይ አለው። ለዚህ ነው በልጅ ላይ "እስኪ ዓመቱ ይለፍና እናየዋለን" የሚባለው አነጋገር ጉዳት የሚያመጣው።

ሕመሙ እምብዛም የማይገኝ ነው የሚለው አስተሳሰብም እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከአሜሪካ ሚኔሶታ የወጣ ጥናት ያገኘው ከ100,000 ሰው 54 ያህሉን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሪያድ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የወጣ ጥናት ግን ለዓይን ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ወደ ሆስፒታል የመጡ 522 ልጆችንና ወጣቶችን በዘመናዊ መሣሪያ መርምሮ ከየ100ው ወደ 5 የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አገኘ። ሁለቱ ጥናቶች በቦታም፣ በዘመንም፣ በመሣሪያም የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን እንዲሁ ማወዳደር አይገባም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ በጥንቃቄ የፈለገ ሰው ሌሎች ያላዩትን ያገኛል።

የየቲሙን ትናንት ማን ያስታውሳል?

የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ለውጥ ነው። ልጁ ከስድስት ወር በፊት ያነበው የነበረውን ዛሬ ማንበብ ያቅተዋል፤ ባለፈው ዓመት የተሠራለት መነጽር ዘንድሮ አይበቃውም። ለውጥን የሚያስተውለው ደግሞ ትናንትን የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው። እናት ያላት ልጅ፣ "ይህች ልጅ አምና እንዲህ አልነበረችም" የሚላት አላት። የቲም ግን ብዙ ጊዜ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት ሞቱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን አጡ፤ በአያታቸው እጅ ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ አጎታቸው ወደ አቡ ጧሊብ ቤት ተዛወሩ። የየቲም ሕይወት ምን እንደሚመስል ከእርሳቸው ሲራ እንማራለን።

ዛሬም አንድ የቲም ከአያቱ ወደ አክስቱ፣ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ልብሱና ደብተሩ አብረውት ይሄዳሉ፤ የጤናው ታሪክ ግን ኋላ ይቀራል። አዲሱ አሳዳጊ ልጁን የሚያውቀው ከመጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ዓይኑን አጨንቁሮ ሲያይ "ፈጣሪ የሰጠው ጠባዩ ነው" ይላል እንጂ አዲስ ነገር መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ልጁም ራሱ አይናገርም። የእርሱ ዓይን የሚያሳየውን ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚያይ ይመስለዋል። በሰው ቤት የሚኖር ልጅ ደግሞ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ሕመሙን መደበቅ ይቀናዋል። በዚህ ምክንያት ኬራቶኮነስ በማንኛውም ልጅ ላይ ሊደርስ የሚችል ቢሆንም በየቲም ላይ ሳይታወቅ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ልናስተውላቸው የሚገቡ የመጀመሪያ ምልክቶች

1. መነጽር ቶሎ ቶሎ መለወጥ። በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የመነጽሩ ቁጥር ደጋግሞ ከተለወጠ፣ በተለይም በማዘዣው ወረቀት ላይ "ሲሊንደር" በሚለው ሥር ያለው ቁጥር ከፍ እያለ ከሄደ፣ ኮርኒያው ቅርጹን እየለወጠ ሊሆን ይችላል። አዲስ መነጽር ተሠርቶለትም "ጥርት አላለልኝም" የሚል ልጅ እንደ አስቸጋሪ መቆጠር የለበትም።

2. አንዱ ነገር ሁለትና ሦስት ሆኖ መታየት። ይህ ምልክት በአንድ ዓይን ብቻ ሲያዩም ይኖራል። ፊደላት ጥላ ያወጣሉ፤ መስመር በመስመር ላይ የተደረበ ይመስላል።

በመድረሳ ያሉ ኡስታዞች ይህንን ምልክት ከማንም በፊት ሊያስተውሉት ይችላሉ። በዐረብኛ ጽሑፍ ኑን፣ ታ፣ ባ እና ያ በቃል መካከል ሲገቡ አካላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው የነጥባቸው ቁጥርና ቦታ ብቻ ነው። አንዷ ነጥብ ሁለት ሆና ለምትታየው ልጅ ኑን ታን፣ ባም ያን ሊመስላት ይችላል። በአማርኛም "ቡ"ን ከ"ቢ" የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው። በቃሏ ያጠናችውን ሱራ አጥርታ እየቀራች ሙስሐፍ ስትገልጥ የምትሳሳት ልጅ ስንፍና ሳይሆን የዓይን ችግር ሊኖርባት እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ከዱላና ከተግሣጽ በፊት ዓይኗ ይታይ።

3. የብርሃን መበተን። ማታ የመኪና መብራት ወይም በመስጊድ ሚናራ ላይ ያለ መብራት ሲያይ ጨረር የሚያወጣ፣ የሚዘረጋ ወይም ክብ ጥላ ያለው ሆኖ ይታየዋል። የወሩን ጨረቃ ለማየት ሰዎች ሲወጡ እርሱ ብዙ ጨረቃ ተደራርቦ ያያል። ቀን ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ከሌሎች ልጆች ይልቅ ያስቸግረዋል።

4. ዓይንን ማጨንቆር፣ አንገትን ማዘንበል፣ መጽሐፍን ወደ ፊት እጅግ ማስጠጋት፣ በክፍል ውስጥ ወደ ሰሌዳው እየተነሡ መሄድ። እነዚህ ምልክቶች በተራ የዕይታ ችግርም ይገኛሉ። ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ማየትና መውሰድ ነው።

5. የአንድ ዓይን ከሌላው መድከም። በሁለት ዓይኑ ሲያይ ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይቻላል። ልጁ አንዱን ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ ይሸፍንና በግድግዳ ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያን ወይም የሱቅ ማስታወቂያን ያንብብ፤ ከዚያ ሌላውን ሸፍኖ ይድገም። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ግልጽ ልዩነት ካለ ሳይዘገይ ይመርመር። ይህ ሙከራ ምርመራን አይተካም፤ ደህና ነው ብሎ ለመዝጋት ሳይሆን አጠራጣሪውን ለመለየት ብቻ ያገለግላል።

6. ዓይንን አዘውትሮ ማሸት። ይህ ምልክትም መንስኤም ሊሆን ስለሚችል ለብቻው እንነጋገርበት።

ስለ ዓይን ማሸት

የኬራቶኮነስ መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፤ በቤተሰብ ውስጥ ያለበት ሰው ካለ የሌሎቹ አባላት ዕድል ከፍ ይላል። አስም ወይም የቆዳ አለርጂ ያለባቸው፣ እንዲሁም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ይበልጥ ሊያዙ ይችላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል በእጃችን ያለው ዋነኛ ነገር ዓይን ማሸት ነው። ዓይንን በጉልበት፣ በጣት አንጓ ወይም በመዳፍ ደጋግሞ ማሸት ኮርኒያን ከማዳከም ጋር ጥብቅ ግንኙነት እንዳለው ሐኪሞች ይስማማሉ።

በአገራችን ብዙ ልጆች በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ዓይናቸው ይቀላል፤ የነጩ ክፍል ቀለም ወደ ቡናማነት ይጠጋል፤ እንደ ክር የሚሳብ ፈሳሽ ይወጣል፤ በአቧራና በፀሐይ ይብስባቸዋል። ቤተሰብም ለምዶት "የአቧራ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል" ይላል። እውነት ነው፤ አለርጂው ብዙ ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። ልጁ ለዓመታት ሲያሸው የኖረው ኮርኒያ ግን ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ የሚያሳክክ ዓይን ሕክምና ያስፈልገዋል። ልጁን "አትሽ" ብሎ መቆጣት ብቻ ፋይዳ የለውም፤ ማሳከኩ ካልታከመ እጁን ማገድ አይችልምና። በንጹሕና በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ ያስታግሳል። በውዱእ ጊዜም ፊትን መታጠብ ዓይንን መጫን ማለት እንዳልሆነ ልጆችን በለዘበ አንደበት ማስተማር ይቻላል። በሆዱ ተኝቶ ዓይኑን በክንዱ ላይ ተጭኖ የሚያድር ልጅም አተኛኘቱን እንዲያስተካክል ይረዳ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ለሚያሳክክ ዓይን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙ አንዳንድ ጠብታዎች ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያቆሙ ቤተሰብ ይወዳቸዋል፤ ሲያልቅ ይደግማቸዋል፤ ለጎረቤትም ያውሳል። ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው ግላኮማን፣ እንዲሁም የዓይን ሞራን ያመጣሉ። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ በራሳችን እጅ ግን አደጋ ነው።

አንድ ምሳሌ

በማኅበራችን ክትትል ሥር ካሉ ልጆች የአንዱን ታሪክ፣ ክብሩን ለመጠበቅ ስሙንና ቦታውን ሳንገልጽ እናንሣ። ልጁ ወላጆቹን ካጣ በኋላ በሦስት ቤት አድጓል። በእያንዳንዱ ቤት የነበሩት ዘመዶቹ ያዘኑለትና የቻሉትን ያደረጉለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ መነጽር ገዛችለት። ሁለተኛው ቤት ሲሄድ መነጽሩ አልሠራ ስላለው ሌላ ተገዛለት። በሦስተኛው ቤት ሦስተኛ መነጽር ተሠራለት፤ እርሱንም ማድረግ ተወ። በትምህርቱ ወደ ኋላ በመቅረቱ "መነጽር እንኳ ማድረግ የሰለቸው ልጅ" ተባለ።

በዓመታዊ የቤት ለቤት ጉብኝት ጊዜ ሦስቱ የመነጽር ወረቀቶች ከየቤቱ ተሰብስበው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረበትም። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የቀኝ ዓይኑ ሲሊንደር ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲጨምር በግልጽ ታየ። ወደ ኮርኒያ ሐኪም ተላከ፤ ኬራቶኮነስ ሆኖ ተገኘ። የቀኝ ዓይኑ ብዙ ሄዶ ነበር፤ ግራው ግን በጊዜ ተደረሰበት። ከዚያ በሌላ ከተማ የምትኖር ታናሽ እህቱ ትመርመር ተባለ። እርሷም የሕመሙ ጅማሬ ተገኘባት፤ ምንም ሳይሰማት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መረጃው ሁሉ ነበረ፤ የጎደለው አንድ ላይ የሚያየው ሰው ነበር። እንዲሁም የየቲም ወንድማማቾችና እህትማማቾች በተለያየ ቤት ተበትነው ስለሚኖሩ፣ አንዱ ሲታመም ሌሎቹን ፈልጎ ማስመርመር የማኅበሩና የዘመዶች የጋራ ግዴታ ነው።

ወደ ሐኪም ስንሄድ

ወደ ምርመራ ስትሄዱ የልጁን የቀድሞ መነጽሮችና ወረቀቶች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የተሰበረ መነጽር ቢሆንም አትጣሉት፤ ባለሙያው ቁጥሩን ከመስታወቱ ላይ ለክቶ ማወቅ ይችላል። "ዓይኑን ያሸዋል፣ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ ከቤተሰብ ያለበት ሰው አለ" ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያም "ኬራቶኮነስ ሊሆን ይችላልን? የኮርኒያ ካርታ ያስፈልገዋልን?" ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የኮርኒያ ካርታ የሚባለው ምርመራ የኮርኒያውን ቅርጽ፣ እንደ መሣሪያው ዓይነትም ውፍረቱን፣ በሥዕል የሚያሳይ ነው፤ አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሕመሙን ገና በጅምሩ፣ በተራ ምርመራ ሳይታይ በፊት፣ ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው በሁሉም ጤና ተቋም አይገኝም፤ ስለዚህ ወደ ትልቅ የዓይን ሕክምና ማዕከል መላክ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጠሮ ከማይጠበቅበት ሁኔታም አንዱን እወቁ። ሕመሙ ያለበት ልጅ በድንገት ዓይኑን ቢያመው፣ ዕይታው ቢደፈንና ጥቁሩ የዓይን ክፍል በነጭ ጉም ቢሸፈን፣ የኮርኒያው ውስጠኛ ሽፋን ተቀዶ ውኃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሕክምናው

በመጀመሪያው ደረጃ መነጽር ይረዳል። ቅርጹ እየተዛባ ሲሄድ መነጽር አይበቃም፤ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ በኮርኒያው ላይ የተስተካከለ ገጽ ፈጥሮ ዕይታን በእጅጉ ሊያሻሽል ይችላል። ነገር ግን መነጽርም ሌንስም ዕይታን ያግዛሉ እንጂ ሕመሙን አያቆሙም።

ሕመሙን ለማቆም የሚሰጠው ሕክምና ክሮስሊንኪንግ ይባላል። በጀርመን ድሬስደን ከተማ ተመራማሪዎች ሠርተውት፣ በ22 ሕሙማን ላይ የታየውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ሰጥቶታል። በመጀመሪያው አሠራር መሠረት ዓይን ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ልባስ ይነሣል፤ ሪቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን ቢ2 ለ30 ደቂቃ ያህል እየተንጠባጠበ እንዲጠጣው ይደረጋል፤ ከዚያም ለ30 ደቂቃ መጠኑ የተወሰነ አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። በዚህም በኮርኒያ ውስጥ ያሉት ቃጫዎች እርስ በርስ ተሳስረው ይጠነክራሉ። ዛሬ ጊዜውን የሚያሳጥሩ ሌሎች አሠራሮችም አሉ።

ስለዚህ ሕክምና አሳዳጊዎች ሦስት ነገር እንዲያውቁ እንሻለን። ዓላማው ሕመሙን ባለበት ማቆም ነው፤ ከዚያ በኋላም ልጁ መነጽር ወይም ሌንስ ያስፈልገዋል። ለጥቂት ቀናት ሕመም ይኖራል፤ የታዘዘው ጠብታ በሰዓቱ መደረግ፣ ዓይንም ከአቧራና ካልተጣራ ውኃ መጠበቅ አለበት። እንዲሁም ለመደበኛው አሠራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ጤነኛ ኮርኒያ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ካሰብን፣ ለመጠበቅ ያለን ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እንረዳለን። የአንድ ዓመት መዘግየት ይህንን በር ሊዘጋው ይችላል።

በሩ ከተዘጋና ዕይታም በሌንስ የማይረዳ ከሆነ የሚቀረው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው። ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም በተባለ ሐኪም በኦሎሞውትስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳክቷል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ ከሟቾች በፈቃድ በተገኘ ኮርኒያ ብዙዎች ተጠቅመዋል። ነገር ግን የሚለገሰው ኮርኒያ ከሚጠባበቀው ሰው ያነሰ ነው፤ የተተከለውንም ኮርኒያ ሰውነት እንዳይቃወመው የዓመታት ክትትል ይጠይቃል።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የምንጠየቀውን ጥያቄ እናንሣ። ከሰው የተወሰደ ኮርኒያ መቀበል በሸሪዓ ይፈቀዳልን? ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በጅዳ ባካሄደው ጉባኤ የአካል ንቅለ ተከላን በተወሰኑ መስፈርቶች የሚፈቅድ ውሳኔ አሳልፏል፤ በሕመም ምክንያት ከወጣ ዓይን የሚወሰድ ኮርኒያንም በምሳሌነት ጠቅሷል። በዝርዝሩ ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው ዑለማዎች ስላሉ፣ ጉዳዩ የገጠመው ቤተሰብ የሚያምናቸውን ሊቃውንት ይጠይቅ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውድ አሳዳጊዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ለእያንዳንዱ የቲም አንድ የዓይን መዝገብ ይኑረው። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። የምርመራው ቀን፣ የእያንዳንዱ ዓይን ዕይታ፣ የመነጽሩ ቁጥር፣ የታዘዘው መድኃኒት ይጻፍበት፤ ወረቀቶቹም ይጣበቁበት። ልጁ ቤት ሲለውጥ ደብተሩ ከልብሱ በፊት ይሂድ። እናት ታስታውሰው የነበረውን ይህ ደብተር ያስታውስለት።

ውድ ኡስታዞችና መምህራን፣ በሰሌዳና በሙስሐፍ ላይ የሚደናገር ልጅ ስታዩ ለአሳዳጊው ወይም ለማኅበራችን አንድ ቃል አድርሱን።

ውድ ለጋሾቻችን፣ በአገር ውስጥም በዓረብ አገሮችና በሌላውም ዓለም የምትኖሩ፤ ለየቲም የምትልኩት ቀለብ ረሀቡን ያስታግሳል፤ ዓይኑን ማስመርመር ደግሞ ነገ ለራሱ ቀለብ የሚሠራበትን ብርሃን ይጠብቃል። የዓይን ምርመራ፣ ከገጠር የሚመጣ ልጅና የአሳዳጊው መጓጓዣ፣ የአለርጂ መድኃኒት፣ መነጽር፣ አስፈላጊ ሲሆንም ክሮስሊንኪንግ፤ እነዚህ ሁሉ ከሰደቃችሁ ሊሸፈኑ የሚችሉ ናቸው። ለብዙ ልጆች በጊዜ የሚደረግ ምርመራ ለአንድ ልጅ ዘግይቶ ከሚደረግ ንቅለ ተከላ የቀለለ ሸክም ነው። የየቲም እርዳታ ስታስቡ በቀለቡ ጎን ይህንንም ኒያ አድርጉ። በየራሳችሁ ቤት ያሉ ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ሕመሙ በወላጅ መኖርና አለመኖር አይለይም።

ቁርአን የየቲምን ንብረት ከመንካት አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ንብረት ሲባል መሬትና ከብት ብቻ ወደ አእምሯችን ይመጣል። አባቱ ምንም ሳይተውለት የሞተ ልጅ እንኳ አላህ የሰጠው ሁለት ዓይን አለው። ይህ ንብረት በእኛ ቸልተኝነት እንዳይጠፋ መጠበቅ የአሳዳጊነት አካል ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ዓይንና ልብ ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ለየቲም የዘረጋችሁትን እጅ ይባርክ፤ አጅራችሁን ያብዛላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።